የሰባቱ ዓሦች ሽምግልና

ውድ ታዲዮስ፣

እንደምን ሰነበትክ ልጄ? የጂንካ ሙቀት እንዴት ይዞሃል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ዓሦቹም ደህና ናቸው፤ ሰባቱም። ይቺን «ሰባቱም» የምትለዋን ቃል ልብ ብለህ አንብባት፣ ለምን እንደሆነ ዝቅ ብለህ ታገኘዋለህ።

ደብዳቤ የጻፍኩልህ ወድጄ እንዳይመስልህ። በስልክ ልቆጣህ ገና አፌን ስከፍት «እትዬ፣ ኔትወርኩ ይቆራረጣል» ትልና ትዘጋብኛለህ። ቁጣ ደግሞ ግማሹ ወጥቶ ግማሹ ሲቀር ያመኛል። ወረቀት አይቆራረጥም። ይኼን የሚያመጣልህ ከመንገድ ሥራ መሥሪያ ቤታችሁ ወደዚያ የሚወርደው ሾፌር ነው፤ «እጁ ላይ ሳታደርስ ደብረ ማርቆስን እንዳትረግጥ» ብዬዋለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በጾሙ እኩሌታ ላይ በስልኬ መልእክት ላክህ። «እትዬ እቴናት፣ በዓሦቹ በጣም አስቸገርኩዎት፤ አድገዋል፣ መስታወታቸውም ጠቧቸዋል። ባለ ሆቴሉ አቶ ሙሉብርሃን ሦስቱን ይወስዳል፣ የሱ የዓሣ መስታወት የሚችለው ያንን ብቻ ነው። የቀሩትንም ለሚፈልግ ሰው ይስጡልኝ። ሸክምዎን ላቅልልዎ ብዬ ነው» አልክ። መነጽሬን አድርጌ ደግሜ አነበብኩት። ለመሆኑ ሸክም ናቸው ያለህ ማን ነው? እኔ ነኝ? አንድ ቀን ከአፌ ወጥቶ ያውቃል?

እርግጥ የመጡ ቀን አልወደድኳቸውም። ከአዲስ አበባ ስትመለስ ውሃ የሞላ ላስቲክ ደረትህ ላይ እንደ ሕፃን አቅፈህ በበሩ ገባህ። «ምንድን ነው እሱ?» ብልህ፣ «ዓሣ ነው እትዬ፣ ሻርክ ይባላል» አትለኝም? ሻርክ! እኔ ግቢ! በቴሌቪዥን ያየሁት፣ ሰው የሚውጠው ያ ጉድ መጥቶልኝ ልጮህ ምንም አልቀረኝ። አንተ እየሳቅህ «ስሙ ነው እንጂ አይነክስም፣ ክንፉ ስለሚመሳሰል ነው» አልክ። ያን ጊዜ አውራ ጣት አያህሉም ነበር። ሻጩም ከዚህ አያድጉም ብሎህ ነበር፤ እግዜር ይይለት! ዛሬ ትልቁ ከእጄ አንጓ እስከ ክርኔ ድረስ ነው።

ደግሞ ሁሉንም ያስተማርከኝ አንተ ነህ። «ሰባት የገዛሁት በመንጋ የሚኖሩ ስለሆኑ ነው፣ ለብቻቸው አይሆንላቸውም» አልከኝ። «እትዬ፣ ከመንጋው ተነጥሎ ጥግ የያዘ ወይም ለብቻው የሚበላ ዓሣ ካዩ ታሟል ማለት ነው፣ ቶሎ ይጥሩኝ» አልከኝ። እኔም በሆዴ፣ አይ ይኼ ልጅ፣ ለዓሣ ያወቀውን ለራሱ አያውቅም እል ነበር። ቤቴን የተከራየህ ሰሞን በርህን ዘግተህ ለብቻህ ስትበላ በሩን የደበደብኩት እኔ አይደለሁ? «በኔ ግቢ ለብቻው የሚበላ የለም፣ ና ውጣ!» ብዬህ፣ ማንኪያህን በእጅህ እንደያዝክ ወጥተህ ማዕዴ ላይ ተቀመጥክ። ከዚያ ወዲያ አራት ዓመት ሙሉ አልተነሳህም።

መስከረም ላይ ጂንካ ሲመድቡህ ግን መስታወቱን ከክፍልህ አውጥተህ ሳሎኔ፣ ከቡፌው ጎን አቆምክልኝ። «ለጊዜው ነው» አልክ። የዚያን ሰሞን ቤቱ እንዴት እንደነበር ላንተ አልነገርኩህም። ባለቤቴ ንጉሴ ነፍሱን ይማረውና ከሄደ ወዲህ፣ ልጄ ዜማም ባሕር ዳር ካገባች ወዲህ፣ ማምሻው ይከብደኛል። ታዲያ ያ ፓምፕህ ቡልቅ ቡልቅ ሲል፣ ሰባቱ ተሰልፈው ከዳር እስከ ዳር ሄደው ሲዞሩ፣ ቤቴ ውስጥ ሰው ያለ መሰለኝ። ስገባ ሁሉም ወደኔ ይዞራሉ። እኔን አይተው እኮ ነው! ምግብ ፈልገው ነው ትለኝ ይሆናል። ይሁን፣ ልጆቼስ ከትምህርት ቤት ሲመጡ መጀመሪያ የሚያዩት ድስቱን አልነበር?

ጥቅምት ሃያ አንድ ማኅበራችን እኔ ዘንድ ነበር። ጠላው ደርሷል፣ ዳቦው በስሏል፣ ሰዉ ሊገባ ሲል መብራት ድርግም። መብራት መሄዱስ አዲስ አይደለም፤ ግን ፓምፑም ዝም፣ ያ ውሃውን የሚያሞቀው ዘንግም ዝም። የጥቅምትን የማርቆስ ብርድ ታውቀዋለህ። ትንሽ ቆይቶ ዓሦችህ አፋቸውን ወደ ላይ አንጋጠው አየር ይለምኑ ጀመር። ላንተ ብደውል ስልክህ ዝግ ነው። ያሳየኸኝ ትዝ አለኝና በጆግ ውሃውን እየቀዳሁ ከላይ መልሼ ማንቆርቆር ያዝኩ። የንጉሴን ጋቢ ከቁም ሳጥን አውጥቼ መስታወቱን ዙሪያውን ጠቀለልኩት። ፍል ውሃም በሃይላንድ እየሞላሁ ጎንና ጎኑ ሸጎጥኩበት።

በዚህ መሐል የነፍስ አባቴ አባ ኪዳነ ማርያም ገቡ። ጥግ ላይ ጋቢ ተከናንቦ የቆመ ነገር አይተው መስቀላቸውን አወጡና «ምነው እቴናት፣ ማን ታመመብሽ?» አሉ። ጎረቤቴ የብርጓል፣ መቼም አፏን ታውቃለህ፣ «አባ፣ ዓሣዋን ብርድ መትቷት ነው!» አለች። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እኔ ግን አልሳቅሁም፤ «የሚስቅ ይሳቅ፣ ክንዴ ዝሏል፣ ማን ይቀበለኛል?» አልኩ።

አንተ ልጅ፣ ማኅበርተኛው ሁሉ ተነሳ ብልህ ታምነኛለህ? ጸሎቱ ካለቀ በኋላ ጽዋው በቀኝ ሲዞር ጆጉ በግራ ዞረ። አንዷ ስትደክም አንዷ ትቀበላለች። «ዝቅ አድርጊው፣ አታስደንግጪያቸው!» «አንቺ ደግሞ መቼ ዓሣ አሳድገሽ ታውቂና ነው?» ይባባላሉ። አባም ቀሚሳቸውን ሰብሰብ አድርገው ተራቸውን ቀዱ። «ሰው ሳጠምቅ ኖሬአለሁ፤ ውሃ ውስጥ ላለ ፍጡር ውሃ ማፍሰስ ግን ዛሬ ገና ደረሰኝ» አሉ። መብራት ሲመጣ ሴቶቹ እልል አሉ። ዓሦችህ እልልታ የት ያውቃሉ፤ ደንግጠው ሰባቱም ባንድ ጊዜ ዘለሉና ክዳን ያደረግሁትን ሰፌድ ገለበጡት፣ አባንም ከጺማቸው እስከ ጫማቸው አራሷቸው። አባ ፊታቸውን እየጠረጉ «በሉ፣ እነሱም ባረኩኝ» አሉ።

ታዲያ ይኼ ሸክም ነው?

የጾሙን ነገር የብርጓል ሳትነግርህ አልቀረችም፤ ግን እሷ ጨማምራ ስለሆነ እውነቱን ከኔ ስማ። በዐቢይ ጾም ዋዜማ የድሮው የዓሦቹ ምግብ አልቆ የላክኸው አዲሱ ጣሳ መጣ። ጣሳው ላይ ሥዕል አለበት። ጺም ያለው፣ እግረ ብዙ፣ የባሕር ውስጥ ነፍሳት ነው። ለካ እስከዛሬ ሥጋ ነው የማበላቸው! ደወልኩልህ። አንተ «እትዬ፣ እነሱ የኔ ሃይማኖት ናቸው፣ ዝም ብለው ያብሏቸው» ብለህ ሳቅህ። በጾም ሰሞን እንዲህ ይቀለዳል? በኔ ቤት የሚኖር በኔ ቤት ሥርዓት ይኖራል። አንተስ ጴንጤ ሆነህ አራት ዓመት ሙሉ ሽሮዬን ስትበላ ከረምክ አይደለም እንዴ? ስለዚህ ጣሳውን ከቡፌው ላይ ሰቀልኩት። አተር ቀቅዬ፣ ልጬ፣ ከቅዳሴ መልስ በዘጠኝ ሰዓት አቀርብላቸው ጀመር።

አተሩን እንዴት እንደወደዱት! ግን እየሰነበተ ጎናቸው ሳሳ፣ እርስ በርሳቸውም ጭራ መነካከስ ጀመሩ። ጾመኛ እንዲህ ነው፣ ቁጡ ያደርጋል ብዬ ጥቂት ታገስኩ። በኋላ ግን ሆዴ አልቻለም። አባን ቤተ ክርስቲያን ደጅ ጠብቄ «አባ፣ በነነዌ ከብቱም ጾሟል ይባላል፤ የኔ ዓሦች ደግሞ እየከሱ ነው፣ ምን ላድርግ?» አልኳቸው። ቀጥ ብለው ቆሙ። «እቴናት፣ ሕዝቡ ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም እያለ ሲሟገት አንቺ ዓሣውን ራሱን አስጾምሽው?» አሉና እስኪያስላቸው ሳቁ። ቀጥለውም እንዲህ አሉኝ፦ «የነነዌ ከብት የጾመው ሦስት ቀን ነው። ዓሣ ግን ከዚያ በፊት ዮናስን ሦስት ቀን ሆዱ ውስጥ አድርጎ፣ ጉርሻው አፉ ገብቶለት እንኳ ሳይፈጨው ታግሷል። የዓሣ ወገን ድርሻውን ያን ጊዜ ጾሟል። ሂጂ አብሊያቸው!» እኔም ሮጥኩ። ጣሳውን አወረድኩ። ከዚያ ወዲያ ሁለቱንም ይበላሉ፤ አተሩንም አላስቀረሁባቸውም፣ ለምደውታልና።

እንግዲህ ልክ ጎናቸው መሙላት ሲጀምር ነው ያ መልእክትህ የመጣው።

አቶ ሙሉብርሃን በማግስቱ ሠራተኛና ትልቅ ባልዲ ይዞ መጣ። እምቢ እንዳልል ዓሦቹ ያንተ ናቸው፣ አንተ ደግሞ ሰጥተሃል። «ውሰድ» አልኩት። ከአፌ የወጣው ቃል ይቺ ብቻ ናት። ሲያሳድዷቸው ሰባቱ አንድ ላይ ተጣብቀው ካንዱ ጥግ ወደ ሌላው ይሸሻሉ። ማየት አልቻልኩም፣ ጓዳ ገባሁ። ስወጣ አራት ናቸው።

ታዲዮስ፣ አራቱ ከዚያ ሰዓት ጀምሮ ከፓምፑ ኋላ ገብተው አልወጡም። ምግብ ብበትን ወደ ላይ አያዩም። አተር ልጬ ብሰጥ ታች ወርዶ ይበሰብሳል። ያ ብርማ ገላቸው ጠቆረ። ሳሎኔ ስገባ ማንም ወደኔ አይዞርም። እውነቱን ልንገርህ፣ እኔም እህል አልወርድልሽ አለኝ። የብርጓል መጥታ አራቱንም እኔንም አየችና «ተነሺ፣ ነጠላሽን ልበሽ» አለችኝ።

ሆቴሉ ሄድን። እንግዳ መቀበያው ጋ አንድ ቁመት እንጂ ስፋት የሌለው መስታወት ቆሟል፤ አረንጓዴ መብራት በርቶበታል፣ የላስቲክ አበባ ተተክሎበታል። ሦስቱ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ተደራርበዋል። ያንደኛው አፍንጫ ተልጧል፤ ለካ እየተወረወረ መስታወቱን ሲመታ ነው። ያለፈው ያገደመው በጣቱ መስታወቱን ያንኳኳል። እንባዬ መጣ። ሙሉብርሃን «እትዬ፣ ባለቤቱ እኮ ሰጥቶኛል» አለ። እውነቱን ነው። «ደግሞ እንግዳ ይስብልኛል ብዬ ነው» አለ። «ይኼማ እንግዳ የሚስብ አይደለም፣ ለቅሶ ቤት ነው የሚመስለው» አለችው የብርጓል። እሱም ተቆጣ፣ «የወሰድኩትን አልመልስም» አለ።

ምን ላድርግ? ልጣላው አልፈለግሁም፤ እናቱን አውቃታለሁ፣ እሱንም በልጅነቱ አውቀዋለሁ። አገር እንደሚያደርገው አደረግሁ፣ ሽማግሌ ላክሁበት። ሳቅ፣ ሳቅ! በሦስት ዓሣ ሽማግሌ! አባ ኪዳነ ማርያም ማኅበርተኞቹን አስከትለው፣ ጥላቸውን ዘርግተው ሆቴሉ ገቡ። የሙሉብርሃን ሠራተኞች የጋብቻ ሽምግልና መስሏቸው ወንበር ይደረድሩ ገቡ። አባ ከመቀመጣቸው በፊት የዓሣውን ምግብ ጠየቁ። ቆንጠር አድርገው በተኑ። ሦስቱ ንቅንቅ አላሉም።

አባ ዞር አሉና «ሙሉብርሃን፣ አንተ ባለ ሆቴል ነህ። እንግዳ ቤትህ ገብቶ፣ ምግብ ቀርቦለት፣ አልበላም ብሎ ፊቱን ወደ ግድግዳ ቢያዞርብህ ምን ታደርጋለህ?» አሉት።

ሙሉብርሃን ዙሪያውን አየና «ምግቤን ነው የሚያሰድበኝ አባ። ወደ ቤቱ እሸኘዋለሁ» አለ።

«በል እንግዲያው ሸኝ» አሉት።

ሙሉብርሃን መጀመሪያ ፈገግ አለ፣ ቀጥሎ እንደ ልጅነቱ ሳቀ። በእጁ እየያዘ ባልዲ ውስጥ የጨመራቸው እሱ ራሱ ነው። እግዜር ይስጠው። አሁን በዚያ ጠባብ መስታወት ውስጥ የላስቲክ አበባውን ብቻ ትቶታል፣ እንግዳው ሁሉ እሱን እያንኳኳ ያልፋል። ባጃጅ ተሳፈርን። እኔ ባልዲውን በነጠላዬ ሸፍኜ ይዣለሁ። ቁልቁለቱ ላይ ባጃጇ ስትነጥር አፍንጫው የተላጠው በነጠላዬ ጠርዝ ዘሎ የብርጓል ጭን ላይ ተዘረጋ። «ሻርክ! ሻርክ!» ብላ ስትጮህ ባለ ባጃጁ ልጅ መሪውን ሊለቅ ምንም አልቀረው። እኔ በሁለት እጄ ይዤ መለስኩት። የብርጓል እስከዛሬ ያን ቀሚሷን ስታጥብ እኔን ትራገማለች።

ቤት ገብተን ሦስቱን ቀስ አድርገን ለቀቅናቸው። መጀመሪያ ምንም አልሆነም። ከዚያ ከፓምፑ ኋላ አንዱ ራሱን ብቅ አደረገ። ቀጥሎ ሁለተኛው። ሦስቱ ወደነሱ ሄዱ፣ አራቱ ወደነዚህ መጡ፣ ተቀላቀሉ። ተሰለፉና ከዳር እስከ ዳር ሄደው ዞሩ። አተር ስበትን ሰባቱም ተሻምተው ወጡ። ቁጭ ብዬ አለቀስኩ፣ የደስታ ነው። የብርጓልም አለቀሰች፣ እሷ ግን ቀሚሴ ተበላሽቶ ነው ትላለች።

አሁን ወደ ዋናው ቁጣዬ ልመለስ። ልክ የሆንክበት አንድ ነገር አለ፤ አድገዋል፣ መስታወቱ ጠቧቸዋል። ዞር ሲሉ ጭራቸው ይነካል። ግን መፍትሔው እነሱን መከፋፈል ነው? ሰው ልጁ ሲያድግበት ልብሱን ያሰፋለታል እንጂ ልጁን ያድላል? በርና መስኮት የሚሠራውን አካለ ወልድን ጠርቼ፣ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ የሚደርስ፣ ወፍራም መስታወት ያለው፣ በብረት የታሰረ አሠርቼላቸዋለሁ። ያስቀመጥኩት አንተ ክፍል ነው። ከሄድክ ጀምሮ ስንት ሰው ሊከራየኝ መጣ፣ ተይዟል እያልኩ መለስኩ። ማን ይዞት ነው ሲሉኝ መልስ አልነበረኝም፤ አሁን አለኝ። ደግሞ አልጋህን አላወጣሁትም። ውሃው በአልጋህ ትይዩ ነው፣ ተኝተህ ታያቸዋለህ።

ስለዚህ ስማኝ። ሸክም አይደሉም። እወዳቸዋለሁ። እፈልጋቸዋለሁ። ላንተ ብዬ ሳይሆን ለራሴ ነው። ጠይቀኸኝ ቢሆን ኖሮ ይቺን በስልክ ባንድ ቃል እነግርህ ነበር፤ አንተ ግን አስቸገርኩ እያልክ አፍረህ ሳትጠይቅ ወሰንክ።

አንድ ነገር ቀርቶኛል። ባለፈው እሑድ ደውዬ «ራት ምን በላህ?» ብልህ «ከውጭ የሆነች ነገር ይዤ ገባሁ» አልከኝ። «ከማን ጋር በላህ?» ብልህ ሳቅ ብለህ ወሬ ቀየርክ። ሌላ ቀንም ጠየቅሁህ፣ ያው ነው። ከመንጋው ተነጥሎ ለብቻው የሚበላ ታሟል፣ ቶሎ ይጥሩኝ ያልከኝ አንተ ራስህ ነህ፤ እኔ የተማርኩትን አልረሳም። እነሆ ጠርቼሃለሁ።

ለፋሲካ ና። አባም ማኅበርተኞቹም እየጠየቁህ ነው፣ ሙሉብርሃንም ቂም የለውም። ለዓሦቹ የበዓል እንቁላል ቃል ገብቼላቸዋለሁ፣ አንተ ትበትንላቸዋለህ። ጋቢ አታምጣ፣ የንጉሴ ጋቢ ታጥቧል፣ ከነሱ ይልቅ ላንተ ትከሻ ያስፈልጋል። ስጦታም አታምጣ፣ ምግብም አታምጣ፣ ሁሉም አለ።

ባልዲ ብቻ ይዘህ እንዳትመጣ።

እቴናት፣ ከነሰባቱ
ደብረ ማርቆስ